ከበቅሎዋ የቀደሙት ኃላፊ

የክልሉ ሙዚየም የተራራ ዐውደ ርእዩን በከፈተ ዕለት ኃላፊው አቶ ድልነሳው ከገዛ ፎቷቸው ሥር ቆመው "ያን ተራራ ስንወጣ ጫፉን ከሁሉም ቀድሜ የረገጥኩት እኔ ነኝ!" እያሉ ለእንግዶቹ ይጎርሩ ነበር። ያኔ ተሸክማቸው የወጣችው በቅሎ ባለቤት ከጥግ ቆሞ ሳቁን ሲያፍን አዩት።

"ና እስቲ፣ አንተም ነበርክ፤ መስክር!" አሉና ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው "አፍህን ቢያዳልጥህ ግን ወዮልህ፤ ያቺ በቅሎህ ሁለተኛ ጎብኚ አትጭንም" ሲሉ አንሾካሾኩ።

ሰውየው ለእንግዶቹ እጅ ነሣ።

"እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልቀደማቸውም። ጫፉ ጋ ስንደርስ በቅሎዬ እንኳ ደንብራ ቀጥ አለች። እሳቸው ግን መች ቆሙ! ከኮርቻው ተነሥተው በጆሮዎቿ መሀል ብቻቸውን ቀጠሉ።"