ጭጋጉ በየትኛው ወር ነው?

አንድ ሰው ነበረ። አዳማ የሚኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው። ታሪኩን በገዛ አንደበቱ ነው ያጫወተኝ፤ «ለሰው ንገር፣ ስሜን ብቻ ቀይረው» ብሎኛል። እንግዲህ ዘርይሁን እንበለው። በዕድሜው አንቱ የሚባል ነው፤ እንዲቀርባችሁ ብዬ ግን እንደ እኩያ ልተርከው።

ዘርይሁን ሚስት አለችው፤ አስካለ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አየር መንገድ ነው የምትሠራው። አባቷ ጡረታ በወጣ ሰሞን መጣችና፣ «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስለ አውሮፓ ስታስተምር ኖረህ አንድ ቀን እንኳ በዓይንህ አላየኸውም። ለወላጅ የሚሰጠን ትኬት አለ። አንተና እማዬ ቪየናን አይታችሁ ኑ። ወሩን ብቻ ምረጡና ንገሩኝ» አለችው።

ወሩን ብቻ ምረጡ! ይህ ምን ይከብዳል?

ለእናንተ አይከብድም። ለእሱ ግን ከበደ። በማግስቱ ነጭ ካርቶን ገዝቶ መጣ። በማስመሪያ አሥራ ሁለት ቦታ ከፈለው፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዓምድ። ሙቀቱ ስንት ነው? ስንት ቀን ይዘንባል? ፀሐይ ስንት ሰዓት ትቆያለች? ነፋሱስ? ሁሉንም እየፈለገ ሞላው። ከዚያ በቀለም እርሳስ ቀባው፤ ጥሩው ወር አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ መጥፎው ቀይ። ካርቶኑን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ጥር ቀይ ሆነ፤ ውርጭ ነው። መጋቢት አታላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ። ሚያዝያ አበባ አለው፤ ዝናቡ ግን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ሐምሌ እኛ ካፖርት ስንደርብ እነሱ በሙቀት ይቃጠላሉ። መስከረም ለስላሳ ነው፤ ወይን የሚለቀምበት ነው። ኅዳር ግን፣ አይ ኅዳር! ጭጋግ ብቻ። ኅዳርን ሁለት ጊዜ ደራርቦ በቀይ ቀባው።

መስከረም ይሁን ብሎ ወሰነ። ለልጁም ደወለ። ሳምንት ሳይሞላው ያለፈው መስከረም በዝናብ እንዳለቀ የሆነ ቦታ አነበበና ተወው። ግንቦት ይሁን አለ። ግንቦትም አሥራ ሦስት ቀን ይዘንብበታል ብሎ ተወው።

«አባዬ፣ ጃንጥላ የለም እንዴ?» አለችው ልጁ በስልክ።

«አንቺ ደግሞ! አንድ ጊዜ ነው የምንሄደው። በትክክለኛው ወር መሄድ አለብን።»

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ። ሁለተኛውም ተያዘ። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ያነሣል። ቁርስ ላይ፣ «አስኩ፣ ዛሬ ቪየና ስምንት ዲግሪ ነው። ከባድ ደመና አለ» ይላል። ሚስቱ ትሰማዋለች። አስካለ ጥሩ አድማጭ ነበረች።

በዚሁ ሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱ ውስጥ አንዳንድ ነገር ተለዋውጦ ነበር። ዘርይሁን አላየም አልላችሁም። አይቷል።

አስካለ የጸሎት መጽሐፏን ትታ በቃሏ መድገም ጀመረች። አየ። «ጎሽ፣ ሁሉንም በቃሏ ያዘችው» ብሎ ኮራባት። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን የብርጭቆው አፍ ላይ ታደርጋለች፤ ሻዩ ጣቷን ሲነካት ታቆማለች። ይህንንም አየ። «ጣትሽን ሻይ ውስጥ መንከር ከየት የመጣ አመል ነው?» ብሎ ተቆጣት። ጎረቤት መንገድ ላይ አንገቱን ደፋ አድርጎ ሰላም ሲላት ዝም ብላ ታልፋለች። «ኮራች እያሉሽ ነው» አላት።

አያችሁ? ሁሉን አየ፤ ለሁሉም መልስ ነበረው። አንድ ጊዜ እንኳ ግን አልጠየቀም።

በመጨረሻ ወሩ ተቆረጠ፤ ሚያዝያ ከፋሲካ በኋላ። ቪዛ ለመጠየቅ ሁለቱም ለብሰው ተዘገጃጅተው አዲስ አበባ ሄዱ። ዘርይሁን ወረቀቱን ሁሉ በቅደም ተከተል ፋይል ውስጥ አድርጓል። ተራቸው ደረሰ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ቅጹን በነጩ ጠረጴዛ ላይ አዙራ ዘረጋችላቸው።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብላ በጣቷ አሳየቻት።

አስካለ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጎንበስ አለች። ስሟን ከነአባቷ አሳምራ ጻፈች።

ጠረጴዛው ላይ።

ወረቀቱ ላይ አይደለም። ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ። ጽፋ ስትጨርስም ቀና ብላ እስክሪብቶውን መለሰች፤ ሥራዋን በሚገባ እንደጨረሰ ሰው።

ልጅቷ ቀልድ መሰላት። ፈገግ አለች። «እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ ነው እኮ» አለቻት። ከዚያ የአስካለን ፊት አየችና ፈገግታዋ ደረቀ።

ዘርይሁን ያን ጽሑፍ አየው። «አስካለ» የሚለው ቃል ነጩ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ አየ። «በዚያች ቅጽበት» አለኝ፣ «አንድ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ የደፋብኝ መሰለኝ። ሻዩ፣ መጽሐፉ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ።»

«አስኩ» አላት በሹክሹክታ፣ «ወረቀቱ አይታይሽም?»

እሷ ግን ክንዱን ፈልጋ ያዘችው።

ቪዛውን ትተው ወጡ። በቀጥታ ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ወሰዳት። ሐኪሟ ዶክተር ኢክራም የምትባል ወጣት ናት። የአስካለን ቀኝ ዓይን በእጇ ከለለችና ሌላውን እጇን ከፊቷ ዘረጋች።

«ስንት ጣት ነው እማማ?»

«ጣት አውጥተሻል እንዴ ልጄ?» አለች አስካለ።

ዘርይሁን ከኋላ ቆሞ ነበር። ሦስቱን ጣቶች ያያቸዋል። ከሚስቱ ፊት አንድ ክንድ እንኳ አይርቁም። ግድግዳውን ተደገፈ።

ምርመራው ረጅም ነበር። ሲያልቅ ሐኪሟ ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። የዓይን ግፊት ነው። ግራው ዓይን ጠፍቷል። ቀኙም ዙሪያውን እየጠበበ መጥቶ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል፤ ፊት ለፊት ያለው ይታያታል፣ ከሥርና ከጎን ያለው አይታያትም።

«ይመለሳል አይደል?» አለ ዘርይሁን።

«የጠፋው አይመለስም አባባ። የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና ልናቆየው እንሞክራለን።»

«ቀደም ብለን ብንመጣስ ኖሮ?»

ዶክተሯ መዋሸት አልፈለገችም። «ስሜቱ ሲጀምራቸው መጥተው ቢሆን ግራውን የማዳን ዕድል ነበረን» አለች።

ወደ ኮሪደሩ ወጡ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘርይሁን ደሙ ፈልቷል፤ ግን በማን እንደሚቆጣ አያውቅም፤ በሚስቱ ተቆጣ።

«ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ትይኛለሽ? ባልሽ አይደለሁም? ለምን አልነገርሽኝም?»

አስካለ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«ነግሬህ ነበር እኮ ዘርዬ።»

«መቼ?»

«ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ስትጽፍ ነው። ‹ግራ ዓይኔን ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል› አልኩህ። አንተ ቀና ሳትል ‹ጭጋግማ በኅዳር ነው፤ ኅዳርን ሰርዘነዋል› አልከኝ።»

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ሚስቱ «ዓይኔ» አለችው። እሱ የሰማው «ጭጋግ» የሚለውን ብቻ ነው። የቪየና ጭጋግ መሰለው!

«ሁለተኛው» አለች፣ «ከበረንዳው ደረጃ ላይ የወደቅኩ ቀን ነው። ‹ደረጃው አልታየኝም› አልኩህ። ‹ዝናብ አዳልጦሽ ነው› ብለህ አነሣኸኝ። አመሰግንሃለሁ፣ አነሣኸኝ። ግን ዘርዬ፣ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም።»

አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ያለውን ዝናብ በየቀኑ የሚቆጥር ሰው፣ በገዛ በረንዳው ላይ መዝነቡን አለመዝነቡን አያውቅም!

«ሦስተኛው ጊዜ ‹ሐኪም ቤት ብትወስደኝ› አልኩህ። ‹ከጉዞው በፊት ሁለታችንም ሙሉ ምርመራ እናደርጋለን፤ ወሩ ይወሰን› አልከኝ። ወሩ ሳይወሰን ቀረ።»

ዘርይሁን አንገቱን ደፋ። ሁሉንም አስታወሰው። ቃል በቃል አስታወሰው። ይህ ነው የሚያስደነግጠው፤ ጆሮው ሰምቶ ነበር። ቃሏ ውስጡ ተቀምጦ ቆይቶ ነበር።

«ከዚያ በኋላስ ለምን ዝም አልሽ?» አላት በተሰበረ ድምፅ። «ለልጃችን እንኳ ለምን አልነገርሽም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለችው። «ጡረታ የወጣህ ጊዜ ቤት ውስጥ ስትዞር እንዴት እንደነበርክ ረሳኸው? ሰው የሞተብህ ነበር የምትመስለው። በዚያ ካርቶን ነው ነፍስ የዘራኸው። ደስታህን ላበላሽብህ አልፈለግኩም።»

ያ ሰው በዚያ አግዳሚ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰው ያየኛል አላለም።

ቀዶ ሕክምናው በሳምንቱ ተደረገ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የቀኙ ዓይን ባለበት ቆመ። የግራው ግን አልተመለሰም። በጸሎት ይመለሳል የሚል ታሪክ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ እንደዚያ ግን አልሆነም። ይቅርታ ተጠየቀ፣ ይቅርታ ተሰጠ፤ ዓይኑ ግን ሄደ። አንዳንድ ነገር ይቅር ከተባለም በኋላ አይመለስም።

ክትትሉ ሲያልቅ ልጃቸው እንዲህ አለች፤ «አሁን እኔም አብሬያችሁ ልሂድ፤ ግን ፈቃድ የማገኘው በኅዳር ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ ይሁን?» ዘርይሁን መልስ ሳይሰጥ አስካለ ቀደመችው። «በኅዳር እንሄዳለን። በቀረችኝ ዓይን የማየውን ልይ» አለች።

ሄዱ። አምስት ቀን ቆዩ። አንድም ቀን ፀሐይ አልወጣም። አስካለ የእሱን ክንድ ይዛ፣ እሱ «ደረጃ ነው፤ ሦስት ናቸው፤ አንድ፣ ሁለት» እያለ፣ ልጃቸው ከኋላ እየተከተለች፣ ያን ሁሉ ጎዳና ዞሩት። አስካለ የምታየውን በጠባቧ ቀዳዳ እያየች፣ አንዳንዴም ቆማ እየሳቀች።

ሲመለስ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ከበቡት። «መምህር፣ በል እንጂ! ቪየና እንዴት ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርከው ነው እኮ!»

«ምን ዐውቄ» አላቸው። «የአስካለን እግር ሳይ ነው የከረምኩት።»

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ሰካራም ነበር? ጠጅ ቤት የት እንደሆነ አያውቅም። በሚስቱ ላይ እጁን አንሥቷል? አላነሣም። ቤቱ ነው የዋለው፣ ቤቱ ነው ያደረው። እንዲያውም ያ ሁሉ ድካም ለእሷ ነበር! ለእሷ የተሻለውን ወር፣ ለእሷ የማይዘንብበትን ቀን ሲፈልግ ነው እሷን ያጣት። ከመጥፎ ሰው ታሪክ ይልቅ ይህ የሚያስደነግጠኝ ለዚህ ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን እኔ አይደለሁም ብላችሁ ትገላገሉ ነበር።

እናንተስ? የዶላሩን ምንዛሪ ታውቃላችሁ። የእንግሊዝን ኳስ ተጫዋች የጉልበት ሕመም ታውቃላችሁ፤ መቼ እንደሚድን ሳይቀር። አጠገባችሁ የምትተኛውስ? ምኗን ነው የሚያማት? አባታችሁ ስልክ ሲደውል «ደኅና ነኝ» የሚለው በየትኛው ድምፁ ነው? ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ዝም ማለት የጀመረው በየትኛው ወር ነው?

አታውቁም? እኔም ብሆን ይህን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

ሰው ችግሩን ጮኾ አይነግራችሁም። የሚወዳችሁ ሰውማ ጭራሽ አይጮኽም። ሥራ ስትሠሩ፣ ስልክ ስትነካኩ፣ በጎን በኩል አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ምናልባት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ይተዋል። ለአንዳንዶቻችሁ ሁለተኛው አልፏል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለሌላ ጊዜ አታሳድሩት። ቤታችሁ ግቡ። የያዛችሁትን አስቀምጡ። አጠገቧ ተቀመጡና፣ «እንዴት ነሽ?» በሏት። «ደኅና ነኝ» ትላችኋለች።

አትነሡ። ተቀመጡ፤ ቀጥሎ የምትለውን ጠብቁ።