ባለ ወፍጮው መጽሐፍ ሊዋስ የሄደ ዕለት

ስንዱ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ ካቋቋመች ገና ዓመት አልሞላትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ አስተማሪዋን መምህር አጥናፉን ልትጠይቅ ሄደችና ገና ከመቀመጧ ብሶቷን አወጣችው።

«ጋሼ፣ እኔስ ሰለቸኝ» አለች። «ጥሩ የምለውን መጽሐፍ መርጬ እሰጣቸዋለሁ፣ ሳይገለጥ ይመለሳል። ተማሪዎቹም፣ መምህራኑም ያው ናቸው። ሰው ማንበብ ጠልቷል። ከእንግዲህ የወደድኩትን ለራሴ አንብቤ ዝም ብል አይሻለኝም?»

መምህር አጥናፉ አገጫቸውን አሻሹ። ከዚያ ይህን ነገሯት።

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። የሚኖረው ገበያ በሚቆምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ ዱቄት እንዳይበንበት በላስቲክ የሸፈነው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበረው። ይህ ሰው መጽሐፍ ይወድ ነበር፤ በዚህ ማንም አያማውም። የሞተር ቺንጋ ሊገዛ ወደ ትልቁ ከተማ በወረደ ቁጥር ሁለት ሦስት መጽሐፍ በብብቱ ሳይዝ አይመለስም።

ሌላውም ሰው እንዲያነብ ይመኝ ነበር፤ ይህም መልካም ነው። የከፋው አሰጣጡ ነበር። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ወረፋ ይዞ ሲቀመጥ ፊቱን ያጠናና ይፈርድበታል። «አንተ ግልፍተኛ ነህ፤ ይህን አንብብ» ይለዋል አንዱን። «አንቺ ልጆችሽን መቅጣት አቅቶሻል፤ ይህ ይጠቅምሻል» ይላታል ሌላዋን። መጽሐፉ ከእጁ ሲወጣ እንደ መድኃኒት ነበር። መድኃኒት የሚታዘዘው ደግሞ ለታመመ ነውና፣ ተቀባዩ «ታመሃል» እንደተባለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። መጽሐፉ ሲመለስም ነገሩ አያልቅም። «እሺ፣ ምን ተማርክ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዉ «ትልቅ ቁም ነገር ነው ጌታዬ» ማለትን ለመደ። ባለ ወፍጮው ግን እንዳላነበቡት ያውቅባቸው ነበር።

«በዚህ ከተማ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር በሆዱ። ይህ ያኮራዋል፤ ግን ያሳዝነዋልም። ልቡን የነካ ነገር አንብቦ ቀና ሲል የሚያየው የተደረደረ ጆንያ ብቻ ነው። ይህን ለማን ልንገረው ብሎ ያስባል፤ የሚነግረው አያገኝም።

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሁለቱ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ሰፈር ለብዙ ዘመን የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የልብስ ሰፊው ሚስት ብዙ ታማ ሞተች። ሐዘንተኛው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሱቁን ከፈተ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መርፌው ይመለሳል። የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ቀኑን ሙሉ ይሰማል።

ባለ ወፍጮው ከልቡ አዘነለት። ከመደርደሪያው ስለ ትዕግሥት የሚናገር አንድ ወፍራም መጽሐፍ መርጦ አመጣለት።

«ይህን አንብብ» አለው። «ሐዘን ልክ ሲያጣ ኃጢአት እንደሚሆን እዚህ ውስጥ ተጽፏል።»

ልብስ ሰፊው አመስግኖ ተቀበለ። ሰንብቶ ጤፍ ሊያስፈጭ ሲመጣ መጽሐፉን ይዞ መጣ። ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር።

«ጨረስከው?» አለ ባለ ወፍጮው።

«አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«መጨረሻው ላይ ምን ይላል?»

ልብስ ሰፊው የመጽሐፉን ሽፋን አየ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አላነበብከውም» አለ ባለ ወፍጮው። «እኔ ለአንተ ስጨነቅ አንተ ለራስህ አትጨነቅም። የማያነብ ሰው እንዲህ ነው፤ ሐዘኑን ታቅፎ ይቀራል።»

በክፋት አልተናገረም። እጁ ባዶ እንደተመለሰ ሰው ተከፍቶ ነው የተናገረው። ነገር ግን የተናገሩት ተመልሶ አይዋጥም። ልብስ ሰፊው ያልተፈጨውን ጤፉን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ጀመረ። በጆንያው ክብደት ጎብጦ ሲያልፍ ባለ ወፍጮው በሩ ላይ ቆሞ ጀርባውን ያየዋል። ሊጠራው ያስባል። ምን ብሎ እንደሚጠራው አያውቅም።

ሚስቱ እህል ትመዝንለት ነበርና ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ሚዛኑን እየጠረገች «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «እዚህ ከሚመጣው ሰው መካከል አንዱን እንኳ፣ አንተስ ምን ታነባለህ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«ምን ያነባሉና ልጠይቃቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «እኔንም ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ባለ ወፍጮው ኩሩ ነበር እንጂ ግትር አልነበረም፤ እውነት ሲነግሩት ይሰማዋል። ነገሩ ሰነበተበት። እህል ሲያፈስ ያስበዋል፣ ሲበላ ያስበዋል።

በመጨረሻ አንድ ማለዳ ሞተሩን አጠፋ። ልብሱን አራግፎ፣ ከመደርደሪያው ምንም ሳያነሣ መንገዱን ተሻገረ። ልብስ ሰፊው ሲያየው እግሩን ከመርገጫው ላይ አቆመ።

«ምን ፈለግህ?»

«የማነበው አጣሁ» አለ ባለ ወፍጮው። «ካለህ አውሰኝ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ፌዝ እንዳይሆን ፊቱን አየው። «እኔ የማላነብ ሰው አይደለሁም እንዴ? በሰው ፊት ነግረኸኝ የለም?»

«ነግሬሃለሁ። በድዬሃለሁ። መጀመሪያ ለእሱ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። የመጽሐፉም ነገር ግን እውነቴን ነው።»

ልብስ ሰፊው የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቁርጥራጭ ጨርቆች ሥር አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ ተቀዶ በመጋረጃ ጨርቅ ተሰፍቷል። የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ ባለ ወፍጮው ወደ መደርደሪያው የማያስጠጋው ዓይነት። ወደ መጨረሻው አካባቢ በገጾቹ መካከል ከጨርቅ የተመዘዘች ቀጭን ክር፣ ዘሃ፣ ገብታለች።

«ይህችን ከቦታዋ እንዳታነሣት» አለ ልብስ ሰፊው።

እውነቱን ለመናገር ባለ ወፍጮው ማንበብ የጀመረው ከንፈሩን እያጣመመ ነው። ታሪኩ የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ ታሪክ ነበር። እጮኛሽ ሰጥሞ ቀረ ብለው ሲነግሯት አላምንም ብላ ትልቁን ሐይቅ ልትሻገር ትነሣለች። በማግሥቱ ባለ ወፍጮው መጽሐፉን ይዞ ወፍጮው አጠገብ ቆሞ ነበር። የፈሰሰው እህል አለቀ። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር መፋጨት ጀመረ፤ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ተነሥተው «ኧረ ወፍጮው ነደደ» ሲሉ ቀና አለ።

«ቆዩኝማ» አለ፣ «ልጅቷ ጀልባው ላይ ወጥታለች።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሞተሩን ሮጣ ያጠፋችው ሚስቱ ናት። ወረፋ ከያዙት አንዷ፣ በጤና ጣቢያው የምትሠራ አዋላጅ፣ እየሳቀች «ገና ጀልባው ላይ ነህ? ማዶ ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት ብታውቅ» አለችው።

ባለ ወፍጮው ዞረ። «ይህን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ?»

«ለልብስ ሰፊው ሚስት ያዋስኳት እኔ ነኝ። እኔም ከአውቶቡስ ሹፌሩ ነው ያገኘሁት፤ እሱ በየከተማው መጽሐፍ ይሰበስባል። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ደግሞ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።»

ለካስ በዚያች ከተማ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ ከአዋላጇ ቦርሳ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ነበረ። በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ ብቻ ይደበቃል።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ፤ ድምፁ ቀንሶ ነበር።

አዋላጇ ልታስከፋው አልፈለገችም። «አንተ የምትጠይቀን ምን ተማራችሁ ብለህ ነው» አለች በቀስታ። «እኛ ደግሞ የምናነበው ደስ ስለሚለን ነው። ደስ አለኝ ብንልህ ፈተናውን የምናልፍ አልመሰለንም።»

ባለ ወፍጮው መጽሐፉን ጨርሶ ወደ ልብስ ሰፊው ተመለሰ። ስለ ልጅቷ ሊያወራ አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን እጁን አንሥቶ አስቆመው።

«መጨረሻውን እንዳትነግረኝ» አለ። «እኔ አልጨረስኩትም።»

ከዚያ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለማንም ያልነገረውን ነገረው። አልጋ ከያዘች በኋላ ከሥራ መልስ ያነብላት ነበር። ሕመሙ ሲበረታባት እንኳ «እስቲ ልጅቷ የት ደረሰች» ትለዋለች። ዘሃዋ ያለችበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ደክሟት «የቀረውን ነገ» አለችው። በማግሥቱ መጽሐፍ የምትሰማበት አቅም አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ገልጦታል፤ ያንን ገጽ ለብቻው ማለፍ ግን አልቻለም።

ስለ ትዕግሥት ብዙ ያነበበው ባለ ወፍጮ ካነበበው አንዱንም አልጠቀሰም። የደንበኞቹ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ላንብብልህ?» አለ።

ልብስ ሰፊው የሚሰፋውን ሱሪ ወደ ጎን አደረገ። «አንብብ።»

ከዘሃዋ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት። የልጅቷ ወሬኛ አክስት በሐይቁ ዳር የምትቀልድበት ቦታ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ ከዚያ «እሷም እዚህ ጋ በሳቀች ነበር» ብሎ አለቀሰ። ባለ ወፍጮው እንዲያለቅስ ተወው፤ አቁም አላለውም። ልብስ ሰፊው ፊቱን ከጠራረገ በኋላ «ቀጥል» አለው፤ ቀጠለ። ታሪኩ ሲያልቅ ልጅቷ ትክክል ነበረች፣ አልነበረችም እያሉ ሲከራከሩ ደንበኛ መጥቶ ቆሞ ሲጠብቃቸው እንኳ አላዩትም።

«አሁን ደግሞ አንተ አምጣ» አለ ልብስ ሰፊው። «ግን የሚያስቅ ይሁን።»

ባለ ወፍጮው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ላስቲኩን ገለጠ። አንድ በአንድ አገላበጠ። የሚያስቅ አንድም አልነበረውም። አላፈረም፤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ አዋላጇን ጠየቃት። እሷም ሳቅ በሳቅ የሚያደርግ አገኘችለት፤ ለልብስ ሰፊው ከመስጠቱ በፊት ራሱ አንብቦ ወፍጮውን ሁለተኛ ጊዜ ሊያቃጥለው ነበር።

ሚስቱንም ጠየቃት። ለካስ እሷ፣ እሱ ቺንጋ ሊገዛ በሄደ ቁጥር መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ስታነብ ኖራለች። «ከሁሉም የወደድኩት ሁለቱን ብቻ ነው» አለችው። የትኞቹን፣ ለምን እያሉ ሲያወሩ ወጡ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ባለ ወፍጮው መጽሐፍ መጠቆም አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። አነጋገሩ ግን ሌላ ሆነ። «ይህ ይጠቅምሃል» ማለቱ ቀርቶ «ይህን ሳነብ እንዲህ ሆንኩ፤ አንተስ ሰሞኑን ምን አገኘህ?» ማለት ጀመረ። የጠቆመው ሁሉ አይወደድለትም። ሽንኩርት ሻጯ «ያንተ መጽሐፍ እኮ እንቅልፍ አስወሰደኝ» ብላ መለሰችለትና እሱም አብሯት ሳቀ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከገበያ በኋላ፣ በልብስ ሰፊው ሱቅ መሰባሰብ ያዙ። አውቶቡስ ሹፌሩ ከመንገድ የሰበሰበውን ያመጣል፤ ይሻሙታል። ባለ ወፍጮው ከእነዚያ ሰዎች ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸውን መጻሕፍት አገኘ፤ ትልቁ ከተማ ድረስ ወርዶ ያላገኛቸውን።

መምህር አጥናፉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ ልጄ፣ ሰው ማንበብ ጠልቷል አልሽኝ። ባለ ወፍጮውም እንዲሁ ይል ነበር፤ ከተማው ሙሉ ግን ያነብ ነበር። ያ መደርደሪያ ያንቺ ክበብ ነው። ወረፋ ጠባቂዎቹ ተማሪዎችሽና ባልደረቦችሽ ናቸው። መጽሐፍ መጠቆም ማጉረስ ማለት ነው። ጉርሻ ደግሞ የአንድ ወገን አይሆንም፤ አጉርሶ አፉን የሚዘጋ ሰው፣ ያስቀይማል እንጂ አያጠግብም። ስለዚህ ዝም አትበዪ፤ ዝምታማ ከባለ ወፍጮው ጥፋት የባሰ ነው። ሰኞ ስትገቢ ግን እጅሽ ባዶ ይሁን። ምን እያነበባችሁ ነው ብለሽ ጠይቂ፤ ያመጡልሽንም አንብቢላቸው። ብትወጂውም ባትወጂውም እውነቱን ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ያንቺን ራሳቸው ይጠይቁሻል።»

ስንዱ ቦርሳዋን አንሥታ ልትሰናበታቸው ከተነሣች በኋላ ዞር አለች።

«ጋሼ» አለች፣ «እርስዎስ ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ቦርሳሽን አስቀምጪው እንግዲህ» አሏት።