የቢያድግልኝ ክስ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞጣ ውስጥ፣ አናጢው ቢያድግልኝ እግሩን ከፈት አድርጎ እየተራመደ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ገባ። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ አላደጉላትም። እሱ ግን አደገላት። በር የሚሞላ ጎረምሳ ሆነ፣ አናጢነት ተማረ፣ ትሁኔን አገባ። ባገባ በአራተኛ ወሩ ምን እንደነካው እንጃ፣ ያደገው አልበቃ አለውና ኮች ልዑልሰገድ ዘንድ ሄደ።

ኮች ልዑልሰገድ ከመናኸሪያው ጀርባ ስፖርት ቤት አለው። ክብደት የሚያነሱት ከፊት ናቸው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። «ያለ መድኃኒት፣ በእጅ ስፖርት ብቻ፣ በአርባ ቀን ወንድነትዎን እናሳድጋለን» ይላል ማስታወቂያው። ከተማው ሰውየውን የሚጠራው «አሳዳጊው» እያለ ነው። እሱም ቅጽል ስሙን ወዶት በር ላይ አስጽፎታል።

ትምህርቱ መጎተትና ማሸት ነው፤ ጠዋት ሃያ ጊዜ፣ ማታ ሃያ ጊዜ። ቢያድግልኝ ቶሎ እንዲያድግለት አርባ አርባ አደረገው። በዘጠነኛው ቀን አበጠ፣ በአሥረኛው ቀን ጠቆረ።

ጤና ጣቢያ ያየው ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። «ደም ሥር ነው የጎዳኸው። ክንድ መሰለህ እንዴ? በስፖርት የሚፈረጥም ጡንቻ እኮ የለውም። ሦስት ሳምንት እንዳትነካው።»

«አድጓል ግን፣ አይደል ዶክተር?»

«አብጧል።»

ትሁኔ ይህን አልሰማችም። እሷ ያየችው እብጠቱን ነው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከስፖርት።»

«እዚያ ላይ የሚያሳብጥ የምን ስፖርት ነው? ከሴት ነው ያመጣኸው።»

ዕቃዋን ሸክፋ እናቷ ቤት ገባች። «ኮቹ ራሱ ‹እኔ ነኝ ያደረግኩት› ሲል በጆሮዬ ካልሰማሁ አልመለስም» አለች። ኮቹ ደግሞ ተለምኖ እምቢ አለ። ቢያድግልኝ የከሰሰው ለዚህ ነው።

ዳኛው አቶ መንበሩ ክሱን አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«ምንህን ነው በደለኝ የምትለው?»

ቢያድግልኝ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ትሁኔ ከእናቷ ጋር መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«እሱኑ ነው ክቡር ዳኛ፤ የጻፍኩትን።»

«አንተስ ኮች፣ ይህን ሰው አሠልጥነኸዋል?»

«አላውቀውም። የኔ ስልት ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ሌላ ቦታ ያገኘውን ነው እኔ ላይ የሚያላክከው።»

የትሁኔ እናት «አላልኩሽም?» ብለው ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ምስክር አለህ?» አሉ ዳኛው ወደ ቢያድግልኝ ዞረው።

«ከመጋረጃ ጀርባ ምን ምስክር ይገኛል ብለው ነው?»

«እንግዲያስ በባዶ እጅህ ምን ላድርግልህ?»

«አንድ ጥያቄ ልጠይቀው ይፈቀድልኝ።»

«ጠይቅ።»

«ኮች፣ ስልቱ እውነት ይሠራል?»

«ከተማው ይመስክር።»

«ከተማው ይቆየን። በራስህ ሞክረኸዋል?»

ኮቹ ደረቱን ነፋ። «ስንት ዓመቴ። ሳልሞክር አላስተምርም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ሰውየው ካላሠለጠነኝ፣ ስልቱ ይሥራ አይሥራ በዓይን ይታይልኝ» አለና ቢያድግልኝ ከኪሱ የአናጢ ሜትሩን ስቦ አወጣ። «ሥራዬ ነው ክቡር ዳኛ፤ ሚሊ እንኳ አልስትም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶ የጣለች መስላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ኮች ልዑልሰገድ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጣቱን ቢያድግልኝ ላይ ቀሰረ።

«አንተ ባለጌ» አለው፣ «አንተ አሳዳጊ የበደለህ።»

ቢያድግልኝ ሜትሩን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህች ቃል ትመዝገብልኝ» አለ በዝግታ። «እናቴ አልበደለችኝም፤ የሰጠችኝ ሁሉ ደህና ነበር። በዚህ ከተማ ሌላ አሳዳጊ የሚባል ደግሞ አንድ ሰው ነው። እሱም እንደበደለኝ ይኸው በራሱ አፍ አመነ።»

ዳኛው ፍርዱን አንብበው ሳይጨርሱ፣ ትሁኔ ዕቃዋን ልታመጣ እናቷ ቤት ደርሳ ነበር።