እንሰቱን ያልነካው ቢላ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ማሽን መንደፍ ነው። ብረት ከመቆረጡ በፊት ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ ይስላል፣ ያሽከረክራል፣ እንዴት እንደሚሄድ ያያል። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ዴታሞ እንበለው።

ዴታሞ ብርቅነሽ የምትባል ሚስት አለችው። የብርቅነሽ ቀኝ ትከሻ አልቋል። እንሰት ስትፍቅ፣ ስትፍቅ አልቋል። እናቶች፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሳንቃውን አጋድሞ፣ ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለውን ቁራጭ በተረከዝ ይዞ፣ ከላይ ወደ ታች በቀርከሃ መፋቅ። ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ እጇ አልነሣ ብሏታል። ሐኪሙ "ይህን ሥራ ካልተውሽ እጅሽ አይመለስም" ብሏታል። እሷ ብትተወውስ ማን ይፍቀው? ዴታሞ? ወንድ እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ዝር አይልም፤ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን!

"ማሽን እሠራልሻለሁ" አላት።

ነደፈ። የሚሽከረከር ከበሮ፣ በከበሮው ላይ ቢላዎች፣ ከፊቱ እንሰት። አሁን ስሙኝ። ኮምፒውተር ብልጥ ይመስላችኋል? ሞኝ ነው! "ይህ ቢላ ያንን እንሰት ይነካል" ብለህ ካልነገርከው አያውቅም። የትኛው ጠንካራ፣ የትኛው ለስላሳ እንደሆነ ካልነገርከው አያውቅም። ዝም ካልከው ቢላው በእንሰቱ መሐል እንደ መንፈስ ሰተት ብሎ ያልፋል።

ዴታሞም "ይነካካሉ" ብሎ ነገረው። ጥንካሬያቸውን ሲጠይቀው ለቢላውም ለእንሰቱም የብረት ቁጥር ሰጠ። ከዚያ አስነሣው።

ወገኖቼ፣ እንሰቱ ተፈናጠረ! ከስክሪኑ ጥግ ወጥቶ ሄደ! መስታወቱ ባይከለክለው ኖሮ ወልቂጤ ገበያ ላይ አርፎ፣ ሰዉ በክትፎ ይጨርሰው ነበር። አትሳቁ። ወልቂጤን እኔ ጨምሬ ይሆናል፤ መፈናጠሩ ግን እውነት ነው።

ቁጥሩን ቀነሰ፤ ተፈናጠረ። ጨመረ፤ ቀይ ጽሑፍ ወጣና ሁሉም ቀጥ አለ። አፍጥኖ ሞከረ፣ አዘግይቶ ሞከረ። በመጨረሻ ምን አደረገ? "ይነካካሉ" ያለውን አጠፋው!

እንዴት ያለ ሰላም ወረደ! ከበሮው እንደ ቅቤ ዞረ። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ዴታሞ ደስ ብሎት ሚስቱንና ብረት ቆራጩን ሎምበሶን ጠራ። ማሽኑ የሚሠራበት ላሜራ አንድ ብቻ ነው። ከተበላሸ ሌላ የለም፤ የብርቅነሽ ትከሻም ወደ ቀርከሃው ይመለሳል።

"እንዲህ ካማረማ ነገውኑ እቆርጠዋለሁ" አለ ሎምበሶ።

ብርቅነሽ አየች፣ አየችና "አንተ፣ ይሄ ቢላ እንሰቱን ነክቶታል?" አለች።

"ነክቶታል እንጂ! በመሐሉ ሲያልፍ አታዪም?"

"ታዲያ የተፋቀው የት ወደቀ?"

"አንቺ ደግሞ! ኮምፒውተሩ ምንም ስሕተት የለም ብሏል እኮ።"

"ሥራ ካልነካኝማ የእኔም ትከሻ ደኅና ነው" አለችውና ወጣች። በሩን የዘጋችው በግራ እጇ ነው።

ዴታሞ በሩን ትክ ብሎ አየ። "ሎምበሶ፣ ላሜራውን እንዳትነካው" አለ።

ግን ለእንሰቱ ትክክለኛውን ቁጥር ከየት ያምጣ? ዕድሜውን ሙሉ ቆጮ በልቷል፤ እንሰት ሲፋቅ ግን አጠገቡ ቆሞ አያውቅም። በማለዳ ተነሣና ሴቶቹ ወደሚፍቁበት ጓሮ ሄደ።

"ኧረ ወንድ! ወንድ መጣ!"

"ምነው ዴታሞ፣ ጢምህን እንፋቅልህ?"

"ብርቅነሽ፣ ባልሽን ሰብስቢ፤ ለይቶለታል!"

"ተዉት፣ ይቀመጥ" አለች ብርቅነሽ።

ተቀመጠ። ቀርከሃውን ቢጫነው ቃጫው ተበጠሰ። ቢያላላው ምንም አልወረደ። ተረከዙ አዳለጠውና በጀርባው ተንጋለለ፤ የሴቶቹ ሳቅ ዱራሜ ድረስ ተሰምቷል ይባላል፤ የሚለው እኔ ነኝ። እየዋለ ግን እጁ ተማረ። እንሰት ሲጫኑት እሺ ይላል፤ እንደ ብረት አይመልስም። ቀርከሃውም ከሩቅ ተነሥቶ፣ ቀርቦ፣ ከዚያ ነው የሚጫነው። እሱስ? ገና ሲነድፈው ቢላውን እንሰቱ ውስጥ ቀብሮ ነበር ያስነሣው! ሁለት ነገር አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ሲያገኝ ያ ሞኝ ኮምፒውተር ምን ያድርግ? ባለ በሌለ ኃይሉ ገፍትሮ ያለያያቸዋል።

ትከሻው እየጠዘጠዘው ተመለሰ። ቢላውን ጣት ያህል አራቀ። ለእንሰቱ የራሱን ልስላሴ ሰጠው። ኮምፒውተሩንም ሲነካኩ እንዳይዘልላቸው፣ ጊዜውን ሰንጥቆ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያይ አዘዘው። ከዚያ መነካካቱን መልሶ አበራ።

ከበሮው ተንቀጠቀጠ። እንሰቱ ተጎተተ፤ አልተፈናጠረም። የኃይሉ መለኪያ ሽቅብ ወጣ፣ እንሰቱን የያዘው የማሽኑ ክንድ ከሚችለው በላይ ወጣ። ዴታሞ እልል አለ! ይህን አሁን ባያይ ኖሮ ክንዱ የሚሰበረው በእናቶች ፊት ነበራ! አወፈረው። ሎምበሶ ቆረጠ። የመጀመሪያው እንሰት ተቀርቅሮ አላገጠባቸው፤ ሁለተኛው ነጭ ቃጫ ሆኖ ወጣ። ብርቅነሽም ውላ አድራ አንድ እሁድ ፀጉሯን ራሷ አበጥራ መጣች። በቀኝ እጇ።

እናንተስ?

እዚህ ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣላችሁ። "ሰላም ነው? ሰላም ነው" ተባብላችሁ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ይሄዳል። "ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፣ ከሚስቴ ጋር ተጋጭተን አናውቅም" የምትለኝ ወንድሜ፣ እንዴት ትጋጫለህ? መነካካቱን አጥፍተኸዋላ! ጌታችን እንኳ ከላይ ቃል ብቻ መላክ ሲችል ወርዶ አልነካንም?

የተጣላችሁ አላችሁ። አንዳችሁ በሌላው ነገር ውስጥ ተቀብራችሁ ነው የምትፈናጠሩት። መጀመሪያ ጣት ያህል ራቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ሁለታችሁም ብረት አትሁኑ።

ባሎች፣ ነገ ማለዳ ጓሮው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይሳቁባችሁ። ቀርከሃውን ተቀበሉ። ማታ እንገናኝና አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ፤ ትከሻችሁን አመማችሁ? ካላመማችሁ ገና አልነካችሁም።