ንጉሥ ሲቆሙ ያልተነሳው ባለታንኳ

አንድ ዓሣ ማጥመድ ነፍሳቸው የሆነ ንጉሥ ነበሩ። ለወጥ እንዳይመስላችሁ፤ የግብር ቤታቸው ጮማ ሞልቶ የተረፈ ነው። እሳቸው የሚወዱት ትግሉን ነበር። ዓሣው ሲጎትት፣ እሳቸው ሲጎትቱ፣ በመጨረሻም አውጥተው አይተውት ወደ ሐይቁ ሲመልሱት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

በሰሜን አገር ወዳለው ትልቅ ሐይቅ በመጡ ቁጥር የሚመራቸው አያናው የሚባል ባለታንኳ ነበር። በበጋ ዓሣው ሙቀት ሸሽቶ ወደሚወርድበት ጥልቅ ይወስዳቸዋል፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ወደ ዳር፣ ደንገሉ ሥር ያስጠጋቸዋል። በክረምት ግን ቢለምኑትም ቢቆጡትም ወይ ፍንክች! «ዓሣው ወደ ወንዞቹ ወጥቶ የሚወልድበት ጊዜ ነው፤ አራስ ቤት መንጠቆ ተይዞ አይገባም» ይላቸዋል። ንጉሡም እየሳቁ ይመለሳሉ። ታንኳው ላይ ደግሞ አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ማንም ይሁን ማን አይቆምም። ሁለቱ ብቻቸውን ሲወጡ ንጉሡ ይህችን ሕግ አንድም ቀን አፍርሰው አያውቁም።

ታዲያ አንድ ኅዳር ላይ መኳንንቱን አስከትለው መጡ። በመካከላቸው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚያስከብረው አጋፋሪ አለበት። ይህ ሰው ንጉሡ ባስነጠሱ ቁጥር አገር ምድሩ ብድግ እንዲል የሚፈልግ ነው። አያናው ትልቁን ታንኳ አቀረበና «ጌቶቼ፣ እዚህ ላይ መነሳት የለም። ዓሣ ቢያዝም፣ ማንም ቢነሳም መነሳት የለም» አላቸው።

አጋፋሪው «ይሄ ደግሞ ለእኛ ሥርዓት ሊያስተምር!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም እሱ ስለሳቀ ሳቁ።

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ የንጉሡ የማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ። ወይ መጉበጥ! ያን የመሰለ ዓሣ በዕድሜያቸው ይዘው አያውቁም። ደስታው አሰከራቸውና ራሳቸውን ረስተው ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሱ መኳንንቱ በሙሉ ብድግ! ንጉሥ ቆመው ማን ይቀመጣል? ታንኳው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ውኃው እግራቸው ሥር ገባ።

አያናው ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ «ተቀመጡ! ጃንሆይ፣ እርስዎም ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ።

የአጋፋሪው ደም ፈላ። «አንተ! ጃንሆይን ነው የምታዝዘው? ንጉሥ ቆመው አንተ ትቀመጣለህ? ተነስ!»

«አልነሳም።»

«አንገትህ ይቆረጣል!»

«የብስ ስንደርስ ቁረጡት። እዚህ ከተነሳሁ የሁላችንም አንገት ውኃ ይበላዋል። አልነሳም አልኩ!»

እውነቱን ለመናገር አያናው ፈርቷል። አጋፋሪው ዝቶ የማረው ሰው እንደሌለ አገር ያውቃል። ሚስቱ ትዝ አለችው፤ ልጆቹ ትዝ አሉት። ቢሆንም መቅዘፊያውን ጨብጦ እንደተቀመጠ ቀረ።

ንጉሡ ዓሣውን አዩ፣ መኳንንቱን አዩ፣ ቁርጭምጭሚታቸው የደረሰውን ውኃ አዩ። ከዚያ ዘንጉን ለቀቁና ተቀመጡ። ሁሉም ተከትሎ ቁጭ ቁጭ አለ፤ ታንኳውም ቀና አለ። ዓሣው ዘንጉን እየጎተተ ሄደ።

የብስ እንደወጡ አጋፋሪው አያናውን አስሮ ንጉሡ ፊት አቀረበው። «ጃንሆይ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይባላል። ይህ ግን በሰው ፊት አዝዞ አስቀመጠዎት!» አለ። ከመኳንንቱ አንዱ፣ ሽማግሌ ነው፣ አዘነለትና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ ማሩኝ በልና ይብቃ። እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማህም?» አለው።

አያናው ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «አላጠፋሁም፣ አባቴ። እኔ ዛሬ ማሩኝ ብዬ ብሄድ፣ ነገ ሌላው ባለታንኳ ይሄንን ሰምቶ ይነሳል። ያን ጊዜ ጃንሆይን ማን ያወጣቸዋል? አንገቴን ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ይቅርታ ግን ከኔ አታገኙም!»

ንጉሡ ወደ መኳንንቱ ዞሩ። «ታንኳው ሲያዘነብል ሊገለበጥ መሆኑን ያላወቀ ማነው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ንጉሡ አጋፋሪውን አዩት። «አንተስ?»

«አውቄ ነበር፣ ጃንሆይ።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

«እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ?»

«እንግዲያው ለክብሬ ስትል ልታሰጥመኝ ነበር» አሉና አያናውን እንዲፈቱት አዘዙ። ከዚያም ወደ ታንኳው ይራመዱ ጀመር።

አጋፋሪው ከኋላ ከኋላ እየሮጠ «ጃንሆይ፣ ማን ይከተልዎት?» አለ።

«እኔ ቆሜ መቀመጥ የሚችል» አሉት።

ከመኳንንቱ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። አያናው ብቻ ታንኳውን ወደ ውኃው ገፋ።

ወገኖቼ፣ አለቃ በተነሳ ቁጥር ብድግ ማለት አክብሮት የሚመስለን ብዙ ነን። ቤት ሲፈርስ፣ መሥሪያ ቤት ሲወድቅ፣ ማኅበር ሲበተን የማያውቅ ኖሮ አይደለም፤ ሁሉም ያውቃል። የሚጠፋው «አልነሳም» የሚል ሰው ነው። ሰውን ከልብ ማክበር አንዳንዴ ፊት ለፊቱ እምቢ ማለት ነው። እምቢ ካሉ በኋላ ደግሞ ላላጠፉት ጥፋት ማሩኝ አለማለት አለ፤ ከባዱ እሱ ነው።

እርስዎስ? ውኃው እግርዎ ሥር ሲገባ እያዩ ስንት ጊዜ ብድግ ብለዋል?