የሚያንኳኳው ሞተር

በሻሸመኔ በእጇም በምላሷም የታወቀች አንዲት መካኒክ ነበረች። አንድ ቀን የአንድ እርሻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ እንግዳወርቅ፣ ሞተሩ ቋ ቋ የሚል ፒካፕ አስነድተው ጋራዧ መጡ። ሹፌሩ ታፈረ አንገቱን ደፍቷል።

«ሞተሩን የሰበረው ይሄ ሰው ነው» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ይህንኑ ጽፈሽ ፈርሚልኝ፤ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ። እምቢ ካልሽ የድርጅታችን መኪና ሁለተኛ አንቺ ደጅ አይቆምም።»

መካኒኳ ሞተሩን ጥቂት አዳመጠችና አስጠፋችው። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች፤ ጫፉ ደርቋል።

«ዘይት ማለቁን አልነገርካቸውም?» ስትል ታፈረን ጠየቀችው።

«ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ አላስገባችኝም።»

«ታዲያስ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ ኮታቸውን እያስተካከሉ፤ «የእኔ ቢሮ ማንም እየተነሳ ዘው የሚልበት አይደለም። ይልቅ ጻፊ።»

መካኒኳ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ጻፈች፤ ፈርማም ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

«ሞተሩ ገና አልተሰበረም፤ ዘይት ጠምቶት ነው። ሥርዓት የሚያውቅ ሞተር ስለሆነ አቤቱታውን ይዞ ዘው አላለም፤ ሥራ አስኪያጁ ግባ እስኪሉት ድረስ ውጭ ቆሞ እያንኳኳ ነው።»

አቶ እንግዳወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ታፈረን ዘይት እንዲያመጣ ላኩት።