ዶሮዋ ካልተነሣች

እስኪያባራ ድረስ አንድ ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ።

ትርንጎ የምትባል እናት እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ቤታቸው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ላይ የዘነበው ሁሉ እነሱ ጋ ይወርዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበና ጎርፉ ደጃፍ ደረሰ። እንጉዳይ ሳል ይዟት መደቡ ላይ ተኝታለች። የትርንጎ ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ የልጇ መኝታ እንዳይርስ።

"ውሃዬ፣ በቦዩ ሂድልኝ" አለችው።

ውሃው፣ ቦዩ ካልተከፈተ አልሄድም አለ።

ቦዩን ለመነችው። አፈር ሞልቶኛል፤ ዶማው ካልጠረገኝ አልከፈትም፣ እኔ ካልተከፈትኩ ውሃው አይሄድም አለ።

ዶማውን አነሣችው። ዛቢያዬ ላልቷል አለ። ዛቢያዬ ካልጠበቀ አልጠርግም፣ እኔ ካልጠረግሁ ቦዩ አይከፈትም፣ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም።

ዶማውን ይዛ ጎረቤቷ ጋሽ ተድላ ዘንድ ሮጠች፤ የመንደሩን ዶማና መጥረቢያ የሚያበጁት እሳቸው ናቸው። "ጉድጓድ ውስጥ ቤት ሠርተሽ ከዝናብ ትጣያለሽ" ብለው ሳቁባትና ዛቢያውን ነቀነቁት። ሽብልቅ ይፈልጋል፤ እርጥብ እንጨት ብመታበት ሲደርቅ ይወልቃል፤ ደረቅ ፍልጥ አምጪ አሏት። ፍልጡ ካልመጣ ዛቢያው አይጠብቅም፣ ዛቢያው ካልጠበቀ ዶማው አይጠርግም፣ ዶማው ካልጠረገ ቦዩ አይከፈትም፣ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም።

ቤቷ ካለው የእንጨት ክምር ሁሉ ያልራሰች አንዲት ፍልጥ ናት። እሷም ከበሩ ጎን፣ ዶሮዋ እንቁላል ከታቀፈችበት ቅርጫት ሥር ናት።

ዶሮዋ፣ ልፈለፍል ሁለት ቀን ቀርቶኝ እርጥብ ላይ አልቀመጥም አለች። ደረቅ ቦታ ካላገኘሁ አልነሣም፤ እኔ ካልተነሣሁ ፍልጡ አይመጣም፣ ፍልጡ ካልመጣ ዛቢያው አይጠብቅም፣ ዛቢያው ካልጠበቀ ዶማው አይጠርግም፣ ዶማው ካልጠረገ ቦዩ አይከፈትም፣ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም።

ትርንጎ ዶሮዋን አየቻት፤ ዶሮዋም አየቻት። እናት ለእናት ምን ይባባላል? ደረቅ የቀረው መደቡ ብቻ ነው።

እንጉዳይ ከብርድ ልብሷ ብቅ አለች።

"እማ፣ እኔ ጋ ትምጣ። እጠጋላታለሁ።"

ዶሮዋ ተነሣች፣ ፍልጡ መጣ፣ ዛቢያው ጠበቀ፣ ዶማው ጠረገ፣ ቦዩ ተከፈተ፣ ውሃው ሄደ። መደቡም ሳይርስ ዋለ።

ሲያባራ ትርንጎ ቅርጫቱን ልትመልስ ብድግ አደረገችው። እንጉዳይ አልለቀቀችም፤ ዶሮዋ ካልተኛች አልተኛም፣ እኔ ካልተኛሁ ሳሌ አይለቀኝም አለች። ምን ታድርግ?

በሦስተኛው ቀን መደቡ በጫጩት ሞላ። ትርንጎ ለራሷ መሬት ላይ አነጠፈች።

መሬቱ ደረቅ ነበር።

ተረቴ በቦዩ ወረደ፤ እናንተም በደረቁ እደሩ።